ከጆሮ እስከ ሰኮና

ኢቬንቲንግ በተባለው፣ ሦስት ፈተና ባለው የፈረስ ስፖርት ታላላቅ ውድድሮች፣ በሜዳ መሰናክሎች ላይ በሚካሄደው ክሮስ ካንትሪ የሚሮጥ ፈረስ በደቂቃ 570 ሜትር እንዲጓዝ ይጠበቅበታል። በሴኮንድ ሲሰላ ዘጠኝ ሜትር ተኩል ነው። ከሜዳው ዳር የተንበረከከው ፎቶግራፍ አንሺ በሴኮንድ 20 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ቢይዝ እንኳን፣ በአንዱ ፎቶና በሚቀጥለው መካከል ፈረሱ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ መሬት አልፏል። በዚያች ግማሽ ሜትር ውስጥ ጉልበት ይታጠፋል፣ ጆሮ ይዞራል፣ የጋላቢው እጅ ዛቡን ያላላል። ጣቱን ሻተሩ ላይ ጭኖ እንደ መትረየስ የሚያንደቀድቅ ሰው ብዙ ፎቶ ይዞ ይመለስ ይሆናል፤ የሚፈለገው ግን ብዙ ጊዜ ባልተነሳው ክፍተት ውስጥ ቀርቷል።

እኔም ካሜራ ይዤ ከፈረስ ሜዳ ዳር መቆም የምወድ ሰው ነኝ። የሌሎችን ሥራ ስመለከት ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፈረሱ ጆሮና ወደ ሰኮናው ነው። ጋላቢው ቆንጆ ሆኖ ወጥቶ ፈረሱ ከተበላሸ ፎቶው ተበላሽቷል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ከጆሮ እስከ ሰኮና ድረስ ሁሉም በቦታው ሲገኝ ደግሞ አንሺው ፈረስ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ወዲያው ይገባኛል።

ዓይን ብቻውን የፈረስን ሩጫ ሊያየው አይችልም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ቴዎዶር ዤሪኮ እ.ኤ.አ. በ1821 የሣላቸው የኤፕሶም ፈረሶች በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ይገኛሉ፤ የፊት እግራቸውን ወደፊት፣ የኋላውን ወደኋላ ዘርግተው ከመሬት በላይ ይንሳፈፋሉ። ውብ ናቸው፤ ሽምጥ ሲጋልብ እንዲህ የሚሆን ፈረስ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ በተርታ በደረደራቸው ካሜራዎች የሚጋልብ ፈረስ ሲያነሳ፣ አራቱ እግሮች በአንድነት ከመሬት የሚለቁት ተሰብስበው ከሆድ ሥር ሲገቡ እንደሆነ ታየ። ለዘመናት ፈረስ ሲያይ የኖረ ዓለም ያንን አላየም ነበር። ዛሬም የፈረስ ፎቶግራፍ አንሺ የሚሠራው በዚሁ በማይታየው ቅጽበት ላይ ነው፤ ቅጽበቱ ከመድረሱ በፊት መምጣቱን ማወቅ አለበት።

የሚያውቀውም ከእግር ምት ነው። ፈረስ ሲራመድ አራት ምት አለው። በሶምሶማ ሁለት ምት ነው፤ የቀኝ የፊት እግር ከግራ የኋላ እግር ጋር፣ የግራው ደግሞ ከቀኙ ጋር በሰያፍ እየተጣመሩ ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ። በደንገላሳ ሦስት ምት ይመታና ለአንዲት አፍታ አየር ላይ ይቆያል። ሽምጥ ሲሆን እንደገና አራት ይሆናል። ባለሙያው ይህን በጆሮው እየቆጠረ ነው ሻተሩን የሚጫነው። በድሬሳዥ፣ ፈረሱ በጋላቢው ትእዛዝ የተለማመደውን አረማመድ በሚያሳይበት ውድድር፣ ሶምሶማውን ዘርግቶ ሲመጣ፣ ወደፊት የተወረወረው የፊት እግርና በሰያፍ የተጣመረው የኋላ እግር ትይዩ ሆነው የሚታዩባት አንዲት ቅጽበት አለች። ዳኛው የሚፈልጋት፣ አሠልጣኙም ዓመታት የደከመላት እሷ ናት።

ደንገላሳ ደግሞ አታላይ ነው። በመጨረሻው ምት መሪው የፊት እግር መሬት ሲረግጥ የፈረሱ ግንባር ወደታች ያዘነብላል። በዚያች ቅጽበት የተነሳ ፈረስ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ደክሞት በፊቱ ሊደፋ የቀረበ ይመስላል። ግማሽ ሴኮንድ ሳይሞላ ግን ግንባሩ ይነሳል፣ ደረቱ ይከፈታል፣ ክብደቱ ወደ ኋላ እግሮቹ ይሄዳል። ፈረሱ ያው ነው፤ ጋላቢውም ብርሃኑም ያው ነው። አንደኛው ፎቶ ፈረሱን ያማዋል፣ ሁለተኛው ይመሰክርለታል። በፈረስ ቤት ያደገ ሰው ልዩነቱን ከሩቅ ያየዋል፤ ለዚህም ነው ጋላቢዎች ፎቶ ሲመርጡ ራሳቸውን ትተው የፈረሱን እግር የሚመለከቱት።

ስለ ጆሮ ጥቂት ልቆይ። ፈረስ ሐሳቡን በጆሮው ይናገራል። ወደሚዘለው መሰናክል ሲመለከት ሁለቱም ጆሮዎች ወደፊት ይቀሰራሉ፤ ሁሉም አንሺ የሚፈልገው ይህን ነው። ጆሮዎቹ ወደኋላ ተለጥፈው አንገት ላይ ሲተኙ ቁጣ ወይም ሕመም አለ። በሁለቱ መካከል ግን ብዙ ሰው የሚስተው ሦስተኛ ነገር ይገኛል። በድሬሳዥ ጊዜ ጆሮዎቹ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ዘመም ይላሉ፤ ፈረሱ ከጀርባው ያለውን ሰው እያዳመጠ ነው። ፈረስ የማያውቅ የፎቶ አዘጋጅ ተቆጥቷል ብሎ ያንን ፎቶ ይጥለዋል። የሚያውቀው ያስቀረዋል። እኔ የምወዳቸው የድሬሳዥ ፎቶዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉት ናቸው፤ አንዱ ጆሮ ወደፊት፣ ሌላው ወደ ጋላቢው የዞረባቸው።

ዝላይ ሌላ ሒሳብ አለው። በኦሊምፒክ ደረጃ አግዳሚው እንጨት 1 ሜትር ከ65 ከፍታ ይደርሳል። ፈረሱ ከመሰናክሉ ቀደም ብሎ መሬቱን ለቆ ይነሳል፣ የፊት ጉልበቶቹን ወደ አገጩ ይሰበስባል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ከዚያ የኋላ እግሮቹ ተከትለው ያልፋሉ። ብዙዎች የዝላዩ ጫፍ ላይ ያነሳሉ። እጅግ ጥሩዎቹ ግን ከጫፉ ትንሽ ቀደም ብለው ይጫናሉ፤ ፈረሱ ገና እየወጣ ስለሆነ ኃይሉ በዳሌው ጡንቻ ላይ ይታያል፣ ጉልበቶቹ ተጣጥፈዋል፣ ጆሮዎቹ ወደፊት ናቸው፣ የጋላቢው እጅ በአንገቱ ላይ ወደፊት ሄዶ ዛቡን ለቆለታል። የጋላቢውን ዓይን ተመልከቱ፤ ገና ይህን መሰናክል ሳይጨርስ ቀጣዩን እያየ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሲገባ ዕድል ነው የሚል ሰው ካለ አንሺው ከውድድሩ በፊት ሜዳውን በእግሩ ሲዞር አላየውም። የትኛው መሰናክል ከኋላው ንጹሕ ዳራ እንዳለው፣ የትኛው ቋሚ የፈረሱን እግር እንደሚሸፍን፣ ፀሐይዋ በስንት ሰዓት ከየት እንደምትመጣ፣ ፈረሱ ከመታጠፊያው በየትኛው እግር መርቶ እንደሚወጣ ቀድሞ አይቷል። ፎቶው ያለቀው ያኔ ነው።

ሌንስም ይዋሻል። በሰፊ ሌንስ ተጠግቶ የተነሳ ፈረስ ራሱ ይገዝፍና ዳሌው ይኮሰምናል። ስለዚህ ባለሙያው ራቅ ብሎ በ200፣ በ300፣ በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያነሳል፤ የአካሉ ሚዛን ሳይዛባ ይወጣል። ቆሞ ከላይ ወደታች ቢያነሳ እግሮቹ ያጥራሉ፣ ስለዚህ ይንበረከካል። ጭቃም ቢሆን ይንበረከካል።

ቀለሙ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ካሜራ በራሱ ከተተወ ሁሉንም ነገር ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል፤ ጉራቹን ያገረጣዋል፣ አምባላዩን ያቆሽሸዋል። አንሺው ለጉራቹ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ለአምባላዩ ይጨምራል፤ ይህንንም የሚያደርገው አንዱ ፈረስ ወጥቶ ሌላው ሲገባ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ዳማው በረፋድ ፀሐይ ብቻውን ያበራል። ጥቁር ፈረስ ግን ዓይኑ ውስጥ አንዲት የብርሃን ነጥብ ካልያዘ ፊቱ በሙሉ ይጠፋል። ያቺን ነጥብ ለማግኘት ብቻ ቦታ የሚቀይሩ አንሺዎች አሉ፤ ትክክል ናቸው።

እንዲህ ያለው ሙያ ክፉኛ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ነው። ከ1949 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የሚካሄደው የባድሚንተን የኢቬንቲንግ ውድድር በኮሮና ምክንያት ሁለቱንም ዓመት ተሰረዘ። የበርሌይ ኢቬንቲንግ ውድድርም እንዲሁ። በላስ ቬጋስ ሊካሄድ የነበረው የ2020 የፈረስ ስፖርት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ቀረ፤ ኦሊምፒኩ በአንድ ዓመት ተገፋ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ደግሞ በስፔን ቫሌንሲያ በተሰበሰቡ ፈረሶች መካከል የፈረስ ሄርፒስ ቫይረስ ተነሳ። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በአውሮፓ ዋና ምድር ውድድሮችን እ.ኤ.አ. እስከ ሚያዝያ 11 አገደ፤ በጐተንበርግ የታሰበው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜም ተሰረዘ። ከዚያ ወረርሽኝ ጋር በተያያዘ 18 ፈረሶች ሞቱ። ከፈረስ ስፖርት ፎቶግራፍ አንሺዎች ብዙዎቹ ደመወዝ የሌላቸው፣ በየውድድሩ እየተዘዋወሩ ለጋላቢዎችና ለመጽሔቶች ፎቶ በመሸጥ የሚኖሩ ናቸው። ውድድር ከሌለ እንጀራ የለም። እጅም ይዝጋል፤ የምት ቆጠራ በየሳምንቱ ካልተለማመዱት የሚጠፋ ነገር ነው።

እነዚያ አንሺዎች ከዚያ ሁሉ በኋላ ለተገፋው ኦሊምፒክ ቶኪዮ ደረሱ። የባጂ ኮኤን የፈረስ መናፈሻ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ባገኘበት በ1964ቱ ኦሊምፒክም የድሬሳዥ ሜዳ ነበር። በ2021 ግን ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። የቀኑ ሙቀት ለፈረሶቹ አደገኛ ስለነበር ድሬሳዡና ዝላዩ ወደ ምሽት ተዛውረው በመብራት ተካሄዱ። ተመልካች የሌለበት ሜዳ ለፎቶ ይቀላል ብሎ የሚያስብ ሊኖር ይችላል። አይቀልም። ሰው የሞላበት መቀመጫ በረጅም ሌንስ ሲደበዝዝ ለስላሳ ቀለም ይሆናል፤ ባዶ ወንበር ግን በመሥመር በመሥመር ተደርድሮ ከፈረሱ ጀርባ ይቆጠራል። መውጫው ዝቅ ብሎ ፈረሱን ከጥቁሩ ሰማይ ጋር ማገናኘት ወይም ጠበብ አድርጎ ሜዳውን መተው ነው።

በዚያ መብራት ሥር የጀርመኗ ጄሲካ ፎን ብሬዶው-ቬርንድል ዳሌራ በተባለችው ባዝራ በሙዚቃ የሚቀርበውን ድሬሳዥ በ91.732 በመቶ አሸነፈች። ዳሌራ ጠቆር ያለች ናት። ጠቆር ያለ ፈረስ፣ ጠቆር ያለ ኮት የለበሰች ጋላቢ፣ ከላይ የሚወርድ ሰው ሠራሽ መብራት፤ ለአንሺ ከዚህ የከፋ ጥምረት ማሰብ ይከብዳል። የመልካም ሥራ ምልክቱ የአንገቷ ጡንቻ ከጋላቢዋ ኮት ተለይቶ መታየቱ ነው፤ ጥቁር በጥቁር ላይ፣ ግን ሁለት የተለያዩ ጥቁሮች። ያንን በኋላ በኮምፒውተር መፍጠር አይቻልም፤ ብርሃኑ ከጎን የሚያገኛት ቦታ ላይ ቀድሞ መቀመጥ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ድሬሳዥ እየተካሄደ ከቦታ መነሳት፣ ፍላሽ ማብራት ነውር ነው፤ ፈረሱ ይደነግጣል። ድምፅ አልባ ሻተር እዚህ ላይ ባለውለታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የሶኒ አልፋ 9 የሚሮጠውን ነገር ሳያጣምም ያለ አንዳች ኮሽታ በሴኮንድ 20 ፎቶ ማንሳት ከቻለ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት በጸጥታው ምክንያት የሚታለፉ የነበሩ የድሬሳዥ ቅጽበቶች ሊነሱ በቁ። መሣሪያን ማመስገን ካለብኝ የማመሰግነው ለዚህ ነው።

የዝላዩ ሜዳ በጃፓን ባህል ያጌጠ ነበር። አንደኛው መሰናክል አጠገብ አጎንብሶ ጀርባውን የሰጠ የሱሞ ታጋይ ቅርፅ ቆሞ ነበር፤ አንዳንድ ጋላቢዎች ፈረሶቻቸው ከመታጠፊያው ሲወጡ እሱን አይተው እንደደነገጡ ተናግረዋል። ለአንሺ ያ ቅርፅ ፈተና ነው። ቅርፁን ከፈረሱ ጋር አጣምሮ ማንሳት ይቀላል፤ ቶኪዮ መሆኑንም ይነግራል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ፈረሱ ቅርፁን ባየባት አፍታ አንዱ ጆሮ ወደዚያ ሲዞር፣ ጋላቢው በጭኑ ሲያረጋጋው የተያዘው ነው። ጌጡን ብቻ ያነሳው ሰው ጌጡን አግኝቷል፤ የፈረሱንና የጋላቢውን ሥራ ያነሳው ውድድሩን አግኝቷል።

በግል የዝላይ ፍጻሜ ስድስት ጋላቢዎች ያለ ስህተት ቀርተው በሰዓት ተለዩ። እንግሊዛዊው ቤን ማኸር በኤክስፕሎዥን በ37.85 ሴኮንድ ወርቁን ወሰደ፤ የስዊድኑ ፔደር ፍሬድሪክሰን በኦል ኢን በ38.02 ሁለተኛ ሆነ። ኦል ኢን ብረት አልተመታለትም ነበር፤ ሰኮናው ባዶ ነው። ከፊት ዝቅ ብሎ የተነሳ ፎቶ ላይ፣ ፈረሱ እንጨቱን ሲሻገር የፊት ሰኮናው ወደ ላይ ታጥፎ ውስጡ በሙሉ ይታያል። ብረት በተመታላቸው ፈረሶች ላይ የብረቱ ግማሽ ክብና የምስማሩ ራስ ሲያበሩ፣ እዚህ ግን የተፈጥሮው ሰኮና ነው ያለው። ሰኮናውን ትቶ የጋላቢውን ፊት ያተኮረ ሰው የዚያን ምሽት ትልቁን ዜና ከእጁ ጥሏል። በየገጠሩ ያለ ብረት የሚሄድ ፈረስ ስናይ ላደግን ሰዎች ነገሩ ብዙም ላያስገርም ይችላል፤ በዚያ ደረጃ ግን የሚገርም ነበር፤ የስዊድን ቡድንም ከጥቂት ቀናት በኋላ የቡድኑን ወርቅ ወሰደ።

የዚያ ወቅት ከባዱ ሥራ ግን በቴክኒክ የሚፈታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2021 በክሮስ ካንትሪው ጄት ሴት የተባለው የስዊዘርላንድ ፈረስ የእግሩ ጅማት ተበጠሰ፤ ሊድን ስለማይችል ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ተደረገ። ከአምስት ቀን በኋላ በዘመናዊ ፔንታትሎን ሴይንት ቦይ የተባለው ፈረስ አልዘልም አለ፤ ስትመራ የነበረችው ጀርመናዊት አኒካ ሽሎይ ኮርቻው ላይ ስታለቅስ የታየችበት ፎቶ ዓለምን ዞረ። በዚያ ስፖርት ያኔ ፈረስ ይታደል የነበረው በዕጣ ነው፤ ለመተዋወቅ ይሰጥ የነበረው ጊዜም 20 ደቂቃ ነበር። ብዙዎቹ ፎቶዎች እንባውን ጠበብ አድርገው ይዘውታል። እንባው እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት። ሙሉውን የሚነግረው የፈረሱ የፈጠጠ ዓይን፣ በዛቡ የተሳበ አፉና ወደኋላ የተለጠፈ ጆሮው አብረው የገቡበት ፎቶ ነው። ጉዳዩ ካስነሳው ክርክር በኋላ ግልቢያ ከፓሪሱ 2024 ኦሊምፒክ ማግስት ከዘመናዊ ፔንታትሎን ወጥቷል። ፈረስ የሚያውቅ ዓይን ዋጋው የሚታወቀው ፈረሱ በተቸገረበት ቀን ነው፤ ጄት ሴት ሲጎዳ ሌንሱን ወደ መሬት ያደረገ አንሺ ካለም፣ ያ ሰው ሙያውን ያውቃል እላለሁ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ልቤ ወደ እንጅባራ ይሄዳል። በዓድዋ የዘመቱትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን እዚያ ያከብራል። ነጭ የለበሰ ፈረሰኛ፣ ያጌጠ ኮርቻና ልጓም፣ በረፋድ ፀሐይ የሚነሳ አቧራ፤ ለካሜራ የተሠራ ይመስላል። ፎቶዎቹም ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ከቆመ ሰው ቁመት፣ በሰፊ ሌንስ፣ እግሮች ተደራርበውና ግንባር አዘንብሎ የተነሱ ናቸው። ከሥራቸው የሚጻፈውም ከበዓሉ ስምና ከቀኑ አያልፍም። በዓለም አቀፍ ውድድር የፈረሱ ስም ከጋላቢው ስም ጋር ሳይጻፍ የሚወጣ ፎቶ እንደ ጎደለ ይቆጠራል። ንጉሡን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ ጦር አዛዡን አባ ነጋ፣ አባ ነፍሶ፣ አባ መላ ብሎ በፈረሱ ስም ሲጠራ በኖረ አገር፣ ፈረሱ ስም አልባ ሆኖ መታተሙ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ጥር 23 ካሜራ ይዛችሁ ወደ እንጅባራ የምትሄዱ ወጣቶች፣ ፀሐይዋ ሳትከር ድረሱ፤ አቧራው ከኋላ ብርሃን ሲያገኘው ፈረሱን ይከበዋል። ሜዳውን በእግራችሁ ዙሩት። ራቅ ብላችሁ ተንበርከኩ። ሶምሶማውን ከደንገላሳው በጆሯችሁ ለዩ፣ ግንባሩ እስኪነሳ ጠብቁ። ፍላሻችሁን አጥፉ። ግልቢያው ሲያበቃም ወደ ባለቤቱ ሄዳችሁ የፈረሱን ስም ጠይቁ፤ ከጋላቢውም ስም ቀጥላችሁ ጻፉት።